የሐይቅ ጀልባ ሞተር፦ ባዶዋን ትሮጣለች፣ ስትጫን ታቃስታለች

ዕቃውና ቅሬታው

ጀልባዋ 7 ሜትር ናት። የሆዷ ስፋት 1.4 ሜትር፣ የጎኗ ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር። በ2 ሚሊ ሜትር ላሜራ እዚሁ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ የተበየደች፣ ሆዷ ጠፍጣፋ። 2 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ይመዝናል። ሆዱን፣ ጎኑን፣ ለጎድን የገቡትን አንግል ብረቶችና የወለል ጣውላውን ደማምሬ ባዶዋን 430 ኪሎ አካባቢ አወጣኋት። ሞተሩ 15 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ምት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ እግሩ አጭር፣ ክብደቱ 36 ኪሎ ነው። አዲስ አይደለም። የቀድሞ ባለቤቱ በቀላል የፋይበር ጀልባ ላይ አስሮ ሰው ያዝናናበት ነበር።

ሥራዋ ከሐይቁ ማዶ ሽንኩርት ማምጣት ነው። 10 ኩንታል ሽንኩርትና አምስት ሰው፣ በድምሩ 1,300 ኪሎ ገደማ። መንገዱ በውሃ 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በየብስ ልዙር ያለ ሰው በአህያ ግማሽ ቀኑን ይፈጃል።

ባለቤቷ ሐጂ ጉዳዩን ያስረዱኝ እንዲህ ብለው ነው፦ «ባዶዋን ምንም አይላትም። ሽንኩርቱ ሲጫን ግን ታቃስታለች፣ ትጨሳለች፣ ካንዴላ ትበላለች። አንተ ፓምፕ ትሠራ የለ? ይህም ሞተር ነው፤ እስቲ እየው።» ካንዴላ ነዳጁን በብልጭታ የምታቀጣጥለው ዕቃ ናት።

እውነት ነው፣ የኔ እንጀራ የመስኖ ፓምፕና ሞተር ሳይክል ነው። የጀልባ ሞተር በአካባቢያችን ብዙ ስለሌለ የሚያየው ሰው ሁሉ በሚያውቀው በኩል ነው የሚገባበት። ከኔ በፊት አንዱ ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጥቦታል፣ ሌላው የአየር ብሎኑን አዙሯል፣ ሌላው ዘይት ጨምሮበታል። «ፋሻው አልቋል፣ ቴስታታው ይከፈት» ያለም አለ፤ ፋሻ የፒስተኑ ቀለበት፣ ቴስታታ የሲሊንደሩ ክዳን ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩ ጭነት ይዞ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የለካ የለም። ባዶዋን ደህና የምትሄድ ጀልባ ስትጫን ብቻ ከታመመች ጥያቄው መጀመሪያ ስለ ጭነቱ ነው፤ ቴስታታ መክፈት የመጨረሻው ነገር ነው።

ነዳጅ፣ ዘይት፣ ካንዴላ

ቀላሉንና ርካሹን አስቀደምኩ። ነዳጁ ከማደያ ሳይሆን በጀሪካን ከሚሸጡ ልጆች የተገዛ ነው። ከታንከሯ ሥር ቀድቼ በብርጭቆ ጠርሙስ አሳደርኩት። ጠዋት ከታች ጣት የማትሞላ ውሃ ተቀምጣለች። ታንከሯን አጠብን፣ ማጣሪያውን ቀየርን። ከዚህ በኋላ ነዳጅ ሲቀዳ ጨርቅ ባለው ቀጭን ወንፊት እንዲያልፍ ተነጋገርን።

ዘይቱ የባሰ ነበር። ጀልባዋን የሚነዳው ልጅ በአምስት ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ይጨምራል፤ 25 ለ 1 ማለት ነው። «ጭነት ሲበዛ ዘይት ይብዛ ብለውኛል ጋሼ» አለኝ። ይህ መጠን ለአዲስ ሞተር ማለማመጃ ነው። የዚህ ሞተር መመሪያ ከዚያ በኋላ 50 ለ 1 ይላል፤ ለአምስት ሊትር 100 ሚሊ ሊትር። ትርፉ ዘይት አይቃጠልም፣ ካንዴላው ላይ ይለጠፋል፣ በጭስ ይወጣል። ዘይቱም የመኪና ዘይት እንዳይሆን፤ የባለ ሁለት ምት፣ በተለይም በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራው ነው የሚያስፈልገው።

ካንዴላዎቹን ስፈታቸው ሁለቱም ጥቁርና ርጥብ ናቸው። አዲስ ገዛሁ። የሲሊንደሮቹን ግፊት ስለካ አንዱ 115፣ ሌላው 118 ፒ ኤስ አይ ሰጠ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ንባቡ ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። የሚታየው ሁለቱ መቀራረባቸው ነው፤ ተቀራርበዋል። ፋሻው ደህና ነው፤ ቴስታታው አይከፈትም። የማቀዝቀዣው ውሃም ከኋላ በደንብ ይረጫል። ዳር ዳሩን ያለው ፊላ አንዳንዴ የውሃ መግቢያውን ይደፍነዋል፤ እሱን በሽቦ ጠራርጌዋለሁ።

በዚህ ብቻ ጭሱ ቀነሰ፣ ካንዴላ መብላቱም ቆመ። ሽንኩርት ጭነን ስንወጣ ግን ማቃሰቱ እንደነበረ ነው።

ዙር መለካት

1,900 ብር አውጥቼ ትንሽ ዲጂታል ዙር መቁጠሪያ አስመጣሁ። ቀጭን ሽቦ አላት፤ ሽቦዋ በአንደኛው የካንዴላ ገመድ ላይ አራት አምስት ጊዜ ይጠመጠማል፣ ሌላ ምንም የሚፈታ ነገር የለም። መጀመሪያ ያነበበችው 7,600 ነበር። እንዲህ ያለ ሞተር በጭነት ይህን ያህል ሊዞር አይችልም፤ የመቁጠሪያዋ ምርጫ ለባለ አራት ምት ተደርጎ ስለነበር ነው እጥፍ የቆጠረችው። ባለ ሁለት ምት በየዙሩ አንዴ ብልጭ ይላል፣ ባለ አራት ምት ግን በሁለት ዙር አንዴ ነው። ምርጫውን ስቀይረው 3,800 ሆነ።

የሞተሩ መመሪያ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ውስጥ መሆን አለበት ይላል። እኛ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተን፣ ሙሉ ጭነት ይዘን 3,800 ላይ ነን። ፍጥነቱን በስልክ ጂፒኤስ ለካን፦ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ሲነበቡ ብዙ ይናገራሉ። ዙሩ ዝቅ ብሎ ፍጥነቱም ዝቅ ካለ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተይዟል ማለት ነው። ዙሩ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ዝቅ ካለ ደግሞ ፕሮፔለሩ (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋው) አየር እየሳበ ነው፣ ወይም መሃሉ ያለው ጎማ እየተንሸራተተ ነው። የኛ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ለማንኛውም ብዬ ጎማውንም አየሁት፤ ከውጪው ቀለበት እስከ መሃሉ ነሐስ ድረስ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩና በሙሉ ጭነት ደርሰን ተመለስን። መስመሩ አልተቆረጠም፣ ስለዚህ ጎማው አልተንሸራተተም።

የከፍታው ድርሻ

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ አይሞላም። ሞተር የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ። እንግዲህ ሽፋኑ ላይ 15 ተብሎ የተጻፈው እዚህ ሲደርስ 12 ነው። ይህን ለሐጂ ስነግራቸው «ታዲያ ሦስቱን ማን ወሰደብኝ?» አሉና ሳቁ።

ፓምፕ የምንሠራ ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። ቆላ ላይ የሚጮኸው ፓምፕ ደጋ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ካርቡሬተሩ የሚያፈሰው ነዳጅ ያው ሆኖ አየሩ ስለሚያንስ። ይህም ሞተር እንደዚያው ነው። የነዳጅ ጄቷን፣ ማለትም ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ቀዳዳዋ ባነሰ መቀየር ይቻላል፣ ግን አላስቀደምኩትም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከነዳጁ ጋር ነው፤ ነዳጅ ካነሰው ዘይትም ያንሰዋል፣ በከባድ ጭነት ላይ ፒስተን ያቀልጣል። በፕሮፔለር ታንቆ በ3,800 ዙር የሚጎትት ሞተር ላይ ነዳጅ መቀነስ አደጋ ነው።

ፕሮፔለር

የፕሮፔለሩ መሃል ላይ የተቀረጸው ቁጥር 9¼ × 11 ይላል። የመጀመሪያው ዲያሜትሩ ነው፣ በኢንች። ሁለተኛው ፒች ይባላል፦ ፕሮፔለሩ በማይንሸራተት ነገር ውስጥ ቢሆን ኖሮ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት። 11 ኢንች ለቀላልና ፈጣን ጀልባ ነው። የቀድሞው ባለቤት ሁለት ሰው ይዞ ሲሮጥበት ልክ ነበር። 1,300 ኪሎ ጭኖ በሱ መሄድ ግን የሐረጎን ዳገት በተጫነ አይሱዙ በአራተኛ ማርሽ እንደመውጣት ነው። ጀልባ እንደ መኪና የሚቀያየር ማርሽ ስለሌላት ማርሽ የሚቀየረው ፕሮፔለር በመቀየር ነው።

ሂሳቡን ሠራሁት። የማርሹ ምጥነት 2.08 ለ 1 ነው። 3,800 ለ2.08 ሲካፈል ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1,827 ጊዜ ይዞራል። 11 ኢንች 27.9 ሳንቲ ሜትር ነው። ባይንሸራተት በሰዓት 30.6 ኪሎ ሜትር መሄድ ነበረብን፤ የሄድነው 7.5 ነው። ከሚገፋው ሦስት አራተኛው ውሃ ማማሰል ብቻ ነው። ከባድ ጀልባ ላይ መንሸራተት ሁሌም አለ፣ ይህ ግን በዛ።

አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። 4,500 ለመድረስ 700 ይጎድለናል፤ ሦስት ኢንች ብንቀንስ ከ450 እስከ 600 እናገኛለን። ባሕር ዳር ጣና ላይ የጀልባ ሞተር የሚጠግን ሰው በስልክ አገኘሁ። ጣናም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የከፍታውን ነገር ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጭነቱን ስነግረው ሳያስብ «8 ፒች» አለኝ። እሱ ራሱ ፈልጎ በሰው እጅ ላከልኝ፤ 9¼ × 8፣ አሉሚኒየም፣ 16,500 ብር፣ ማምጫ 400 ብር። ሐጂ ዋጋውን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ «ቴስታታ መክፈቻው ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁ፣ ነገርኳቸው፣ ከፈሉ።

ሲፈታ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የፕሮፔለሩን ዘንግ ግሪስ ቀብቶ የሚያውቅ ስላልነበር ተጣብቆ ነበር። በመዶሻ አልመታሁትም፤ ዘንጉ ከጎበጠ ማርሽ ቤቱ ያፈስሳል። ዘይት ረጭቼ አሳድሬ፣ በማግሥቱ በጣውላ ፍልጥ ዙሪያውን እያባበልኩ አወጣሁት። ማርሽ ቤቱንም በዚያው አየሁት፤ ዘይቱ ወተት አልመሰለም፣ ውሃ አልገባበትም።

በ8 ፒች ሙሉ ጭነት 4,350 ዙር፣ በሰዓት 8.2 ኪሎ ሜትር። ማቃሰቱ ጠፋ። ሞተሩ የሚያወጣው ድምፅ ተለወጠ፤ ልጁም ሳልነግረው «ተፈታ» አለ።

ግን ሌላ ነገር ብቅ አለ። ነፋስ ተነስቶ ማዕበል ሲመጣ፣ በተለይ ስንታጠፍ፣ ዙሩ ድንገት 5,200 ይደርስና ጀልባዋ አትገፋም። ነዳጅ ሲቀነስ ይመለሳል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በሽታ ነው፤ አየር ይስባል። ድሮም ሳይኖር አይቀርም፣ በ11 ፒች ሞተሩ ታንቆ ስለነበር አልታየም።

ሆዷን መገልበጥ

ጀልባዋን አውጥተን ለመገልበጥ ዳር ላይ የነበረው ጎረምሳ ሁሉ ተረባረበ። ስንገለብጣት ከወለሉ ጣውላ ሥር ውሃ ወረደ። ብዙ ውሃ። ሁሉም «የዝናብ ነው» አለ። ዝናብ ከጣለ ቆይቷል። ይህን በማስታወሻዬ ጽፌ ለጊዜው አለፍኩት።

ከሥሯ የታዩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ጀልባዋ ቀጥ ብላ እንድትሄድ ተብሎ ከፊት እስከ ኋላ መሃል ሆዷ ላይ 40 በ40 የሆነ ካሬ ቱቦ ተበይዷል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ቱቦው እስከ ኋላ ግድግዳው ጫፍ ድረስ ሄዶ ልክ ከፕሮፔለሩ ፊት መጨረሱ ነው። ከድፍን ጫፉ ኋላ የሚፈጠረው አረፋና የተበጠበጠ ውሃ ቀጥታ ፕሮፔለሩ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ ነው የታሰረው። የኋላው ግድግዳ 43 ሳንቲ ሜትር ነው፣ አጭር እግር ሞተር የሚፈልገው 38 ገደማ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ከሆዱ መስመር ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ማለት ሲገባት፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላለች። የፕሮፔለሩ የላይኛው ክፍል ከግድግዳው ጀርባ ተደብቋል።

ቱቦውን ከኋላ ጫፍ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል በግራይንደር ቆረጥኩት። አዲሱን ጫፍ ድፍን አልተውኩትም፣ አጋድሜ አሹዬ ዘጋሁት። ዋናው ሥራ ግን ግድግዳውን ዝቅ ማድረግ ነበር። ሞተሩ በሚቀመጥበት ስፋት ብቻ ሰባት ሳንቲ ሜትር ቆርጬ 36 አደረግኩት፤ ክንፏ ከሆዱ በታች ሁለት ሳንቲ ሜትር ሆነች።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የኋላን ግድግዳ መቁረጥ ማለት ለውሃ በር መክፈት ነው። ጭነት ይዛ 23 ሳንቲ ሜትር ብትሰምጥ፣ ከውሃው እስከ ተቆረጠው አፍ ድረስ 13 ብቻ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ የሚያመጣው ማዕበል ከኋላ ቢመታት ይገባል። ሐይቁ ደግሞ መሃሉ 88 ሜትር ይጠልቃል፤ ሽንኩርት የጫነች የብረት ጀልባ ሞልታ ልትሰምጥ ጊዜ አትወስድም። ስለዚህ ከአፉ ወደ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ገባ ብዬ ከጎን እስከ ጎን ሁለተኛ ግድግዳ አቆምኩ፤ ቁመቱ እንደ ጎኗ 60። ከኋላ የሚገባው ውሃ በሁለቱ ግድግዳ መሃል ይቀራል፣ ዳርና ዳር በተበሱት ቀዳዳዎች ተመልሶ ይወጣል። ቀዳዳዎቹን ከጭነቱ የውሃ መስመር በላይ ነው ያደረግኳቸው። ይህን ግድግዳ ሳይሠራ አፉን ብቻ የሚቆርጥ ሰው ካለ ተዉት በሉት። ላሜራ፣ ኤሌክትሮድና የተቆራረጠ ብረት 3,200 ብር፣ የግራይንደር ዲስክ 500 ብር።

ውጤቱ በሙሉ ጭነት 4,300 ዙር ሆነ። ዙሩ በትንሹ ቢቀንስም የማይነቃነቅ ሆኗል፤ ፕሮፔለሩ ንጹሕ ውሃ ስላገኘ የበለጠ ይሸከማል። ፍጥነት 9.2። ማዕበል ላይም፣ ስትታጠፍም አየር መሳብ የለም።

ያ ውሃ

ከወለል ሥር የወረደው ውሃ እንቅልፍ ነሳኝ። ወለሉን አነሳሁት። የጎድን አንግሎቹ ከሆዱ ጋር ከዳር እስከ ዳር ድፍን ተደርገው ተበይደዋል። በሁለት ጎድን መሃል የገባ ውሃ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቀዳዳ የለውም፤ ልጁ በየቀኑ ከኋላ ቀድቶ የሚደፋው የመጨረሻዋን ክፍል ብቻ ነው። የቀሩት ክፍሎች ሞልተው ይጓዛሉ፣ ወለሉ ስለሚሸፍናቸው አይታዩም።

መጠኑን ለማወቅ ጎኗ ላይ በቀለም ከታች ወደ ላይ በየሳንቲ ሜትሩ መስፈሪያ ጻፍኩ፣ ከፊት፣ ከመሃል፣ ከኋላ። ነገሩ ቀላል ነው። ውሃው ላይ የምትይዘው ስፋት 7.7 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ሳንቲ ሜትር በሰመጠች ቁጥር 77 ኪሎ ተጨመረባት ማለት ነው። ሚዛን አያስፈልግም፣ ሐይቁ ራሱ ይመዝናታል።

ባዶዋን ደርቃ ስትገባ 6 ሳንቲ ሜትር ሰመጠች። 1,300 ኪሎ ስትጭን 23። በሂሳቡ ልክ ነው። ጠዋት እንዲህ ነበር። ማታ የመጨረሻውን ጭነት ያንኑ ያህል አሸክመን ስናይ 28 ሆነች። አምስት ሳንቲ ሜትር፣ 385 ኪሎ፤ አራት ኩንታል የማይሞላ ውሃ ነው፣ ገበያ የማይወጣ።

የሚገባው ሲጫን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ከ6 በላይ፣ ከ23 በታች ነው። እዚያ መካከል ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጎኑ ላሜራ ተቀጣጥሎ የተበየደበት፣ ከታች 18 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው መስመር። ባዶዋን ስትሆን ደረቅ ነው። ስትጫን አምስት ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባል። ባዶዋን ዳር አስቁሞ የፈተሻት ሁሉ «አታፈስም» ያለው ለዚህ ነው።

ትክክለኛውን ቦታ በብየዳ ቤት በሚታወቀው ዘዴ አገኘነው። ከውጪ በኩል ብየዳውን በኖራ ቀባን፣ ደረቀ። ከውስጥ በኩል በብሩሽ ነጭ ጋዝ ቀባን። ነጭ ጋዝ ከውሃ ይልቅ ቀጭን ቀዳዳ ስለሚያልፍ ጥቂት ቆይቶ ነጩ ኖራ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል። በግራ ጎኗ ከመሃል ወደ ኋላ ረጅም ስንጥቅ፣ በቀኝ በኩል የተበታተኑ የመርፌ ቀዳዳዎች። አሮጌውን ብየዳ በግራይንደር ከፍቼ፣ ጋዙ ተጠርጎና ደርቆ ካለቀ በኋላ እንደገና በየድኩት። በ2 ሚሊ ላሜራ ላይ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ ይበቃል፤ አጭር አጭር እያደረጉ፣ ቦታ እየለዋወጡ፣ ካልሆነ ላሜራው ይጣመማል። ከዚያ በየጎድኑ ሥር 20 ሚሊ ቀዳዳ በሳሁ። አሁን የገባ ውሃ ሁሉ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ልጁ ይቀዳዋል። ቀለም 700 ብር።

በሙሉ ጭነት ጠዋትም ማታም 23 ሳንቲ ሜትር። 4,450 ዙር፣ 9.8 ኪሎ ሜትር።

አጫጫን

ሽንኩርቱ የሚጫነው ከአፍንጫዋ በኩል ስለሆነ ከረጢቱ ሁሉ እዚያው ይከመር ነበር። መስፈሪያው ፊት 27፣ ኋላ 19 ሲያሳይ ነገሩ ያለ ክርክር ታየ። አፍንጫዋ ውሃ ታርሳለች፣ መሪ አትሰማም። ከረጢቶቹን ከፊት አንስተን ከመሃል ጀምሮ ወደ ኋላ አደረግናቸው፣ ሰዉ ፊት ተቀመጠ። ፊት 22፣ ኋላ 24፤ ይህ ልክ ነው። የሞተሩን ማዘንበያ ፒንም አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ዙሩ ብዙ አልተለወጠም፣ 4,480። መሪው ግን ቀለለ።

ጄት

ሌላው ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው የነዳጅ ጄቷን የነካሁት። አንድ ቁጥር ያነሰች ገዛሁ፣ 850 ብር። ቀየርኩ፣ በሙሉ ጭነት በሙሉ ነዳጅ ወጥቼ፣ ሐይቁ መሃል ሞተሩን ሳላቀዘቅዝ አጥፍቼ ካንዴላውን አየሁት፤ ቀስ ብሎ ከተነዳ በኋላ የሚታይ ቀለም አያስተማምንም። ቡናማ። ነጭ ቢሆን ወዲያው አሮጌዋን እመልስ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ ይዣታለሁ። 4,600 ዙር፣ በሰዓት 10.2 ኪሎ ሜትር። ሌላ ቁጥር አልቀንስም። አሮጌዋን ጄት በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከሽፋኑ ሥር አስሬያታለሁ፤ ሞተሩ ቆላ ወዳለ ውሃ የሚሄድ ከሆነ መመለስ አለባት።

ነዳጅና ፍጥነት

ሐጂ 10.2 ሲሰሙ «12 አይሞላም?» አሉ። አይሞላም። ውሃው ላይ የሚያርፈው ርዝመቷ 6.5 ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ተጭኖ ውሃ እየገፋ የሚሄድ ጀልባ የፍጥነቱ ጣሪያ ከርዝመቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ የርዝመቱ ስኩዌር ሩት በ4.5 ሲባዛ ለኛ 11.5 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ራሷ የፈጠረችውን ማዕበል መውጣት አለባት፣ ለዚያ ደግሞ እጥፍ ሞተርም አይበቃም። ወደ ጣሪያው በተጠጋች ቁጥር ነዳጁ በከንቱ ይሄዳል። ልጁን 9 ኪሎ ሜትር ላይ ያዝ፣ የቀረውን ነዳጅ አትስጥ ብዬዋለሁ። ማዶ ደርሶ መመለስ ድሮ 7 ሊትር ገደማ ይወስድ ነበር፣ አሁን 5 አይሞላም። ቤንዚን በሊትር ከመቶ ብር በላይ በሆነበት ጊዜ ፕሮፔለሩ ራሱን ለመመለስ ብዙ አይቆይም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ባዶዋን ስትሄድ በ8 ፒች ሙሉ ነዳጅ ቢሰጣት ዙሩ ከ5,500 ያልፋል። ዙር መቁጠሪያዋ እዚያው መሪው አጠገብ ታስራ ቀርታለች፣ ልጁም ማየት ለምዷል።

እስካሁን የወጣው ወጪ፦ ዙር መቁጠሪያ 1,900፣ ካንዴላ 900፣ ፕሮፔለርና ማምጫው 16,900፣ ብረትና ብየዳ 3,200፣ ዲስክ 500፣ ቀለም 700፣ ጄት 850። ድምር 24,950 ብር፣ የእጅ ዋጋ ሳይጨምር። አሮጌው 11 ፒች ፕሮፔለር ደህና ስለሆነ ይሸጣል።

የቀረው

የውሃ ፓምፑን ጎማ ከክረምት በፊት መቀየር አለብኝ፤ ስንት ዓመት እንደሠራ የሚያውቅ የለም። የሞተር ማጥፊያዋ ገመድ በነጂው እጅ ላይ ትታሰር ብያለሁ፣ እስካሁን የታሰረችው ጣውላው ላይ ነው። የዋና ጃኬት ሁለት ብቻ አለ፣ ለአምስት ሰው።

ጎኗ ላይ 23ኛው ሳንቲ ሜትር ላይ ቀይ መስመር አስምሬያለሁ። ሐጂ ሰሞኑን መጥተው ሞተሩ ከተሻለው 12 ኩንታል አይጫንም ወይ አሉኝ። 200 ኪሎ 2.6 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቀዩ መስመር ይሰምጣል አልኳቸው።

«ሰው ይቀነሳላ።»

«ሁለት ኩንታል ለመጨመር ሦስት አራት ሰው ይውረድ።»

ቆጠሩ። «ታዲያ ማን ያወርደዋል ሽንኩርቱን?» አሉና 10 ላይ ቆየን።